የመስኮት ጋቢ

እስቲ ጠጋ በሉ። ጀበናው እስኪንተከተክ አንድ ነገር ላጫውታችሁ። ወሬዬ የንጉሥ አይደለም፣ የጦርነትም አይደለም፤ ደሴ ቁጭ ብሎ ስለ ቤት የሚያወራ ሰው ከሁለቱ ጨርሶ ማምለጥ ባይችልም። ወሬዬ የመስኮት ነው።

አክስቴ የምትኖረው ፒያሳ ነው። ፒያሳ ስላችሁ የአዲስ አበባው እንዳይመጣባችሁ፤ ደሴም የራሷ ፒያሳ አላት። ቤቱ ግድግዳው ድንጋይና ኖራ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ወለሉ ሲረግጡት የሚያጉረመርም ሳንቃ ነው። መስኮቶቹ ስድስት ናቸው። እያንዳንዱ ወደ ውስጥ የሚከፈት ባለ ሁለት ክንፍ መስተዋት አለው፤ ከውጭ የእንጨት መዝጊያ አለው፤ ከአናቱ ደግሞ እንደ ቅንድብ የተቀመጠች አንዲት ትንሽ መስኮት አለችው። ማን እንዳሠራው አክስቴን ብትጠይቋት «ጣሊያን ነው» ትላችኋለች። ጎረቤቷን ብትጠይቁ «የለም፣ የመናዊ ነጋዴ ነው» ይላችኋል። እኔ ከሁለቱም አልጣላም። የምጣላው ከኅዳር ጋር ነው።

ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ የተሰቀለች ከተማ ናት። ኮምቦልቻ፣ ዶሮ መዝለያን ወርዳችሁ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ተጠማዝዛችሁ የምትደርሱባት፣ 1,850 አካባቢ ናት። አየር ደግሞ በየሺሁ ሜትር ስድስት ዲግሪ ተኩል ያህል እየቀዘቀዘ ነው የሚሄደው። ስለዚህ ኮምቦልቻ በሸሚዝ ያመሸ ሰው ደሴ ሲደርስ ሹራቡን ይፈልጋል፤ ሹራቡን ኮምቦልቻ ረስቶት ከሆነ ደግሞ አክስቴን ይፈልጋል። ይህም ብቻ አይደለም። ማታ ማታ ጦሳ ተራራ የቀዘቀዘውን አየር ቁልቁል ይለቀዋል። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ነው፤ ውሃ በሚሄድበት ነው የሚሄደው። ከተማዋ ላይ ጥቂት ያርፍና በቦርከና በኩል ወደ ቆላው ይወርዳል። በመንገዱ አክስቴ ቤት ያድራል።

ንጉሥ ሚካኤል ደሴ ላይ ያሠሩት አዳራሽ ስሙ «አይጠየፍ» ነው፤ ድሃ ሀብታም ብሎ አይለይም ለማለት። የደሴ ብርድም አይጠየፍም። በሳንቃው ስንጥቅ ይገባል፣ በቁልፉ ቀዳዳ ይገባል፣ በመስኮቱ ክንፎች መገጣጠሚያ እያፏጨ ይገባል። አክስቴ ፉጨቱን ለምዳዋለች። «ዛሬ ከሦስተኛው ነው የሚዘፍነው» ትላለች ጋቢዋን እየሳበች።

እኛ ደግሞ ስለ ንፋስ ሰባኪ የማንሻ ሕዝብ ነን። አውቶቡስ ውስጥ አርባ ሰው ታፍኖ፣ ላብ እንደ ዝናብ እየወረደ፣ አንዱ መስኮት ሊከፍት እጁን ሲያነሣ ከኋላ «ኧረ ዝጋው! ብርድ ሊያስመታን ነው እንዴ!» የሚል ድምፅ የማይሰማበት አገር ካለ ንገሩኝ። ታዲያ በመንገድ እንዲህ የምንፈራውን ንፋስ ቤታችን ውስጥ ዕድሜ ልክ በነፃ እናሳድረዋለን።

አምና ኅዳር ላይ እኔ፣ የተማርኩት፣ ከአዲስ አበባ የመጣሁት የወንድም ልጅ፣ ይህን ነገር ላስቆመው ቆርጬ ተነሣሁ። ወፍራም ላስቲክ ገዛሁ፤ ሰፊውን ቡናማ ፕላስተር ገዛሁ። ስድስቱንም መስኮት ከውስጥ በላስቲክ ሸፍኜ ዙሪያቸውን ለጠፍኩ። ቅንድቦቹን፣ እነዚያን ትንንሾቹን መስኮቶች፣ በጨርቅ ጠቀጠቅኳቸው። የበሩን ሥር በአሮጌ ብርድ ልብስ ደፈንኩት። ሲመሽ ቤቱ ጸጥ አለ። ፉጨት የለም። አክስቴ ዙሪያውን ተመለከተችና «የኔ ልጅ፣ ጆሮዬን ነው የደፈንከው ወይስ ቤቱን?» አለችኝ።

ቡና ተፈላ። በከሰል ነው እንግዲህ፤ ማንደጃው መሃል ቤት ቁጭ ብሏል። አቦል ተጠጣ፣ ቶና ተጠጣ። በረካ ላይ ስንደርስ ራሴ እንደ ድንጋይ ከበደኝ። ጉንፋን መሰለኝ። አክስቴም «ቡናው ዛሬ መታኝ» ብላ ወደ ትራሱ ዘንበል አለች። ያን ጊዜ የጎረቤት ልጅ ስኳር ልትበደር በሩን ገፋ አድርጋ ገባች። ብርድ ልብሱ ከበሩ ጋር ተንሸራቶ ንፋሱ ግር ብሎ ገባ። ልጅቷ «እቴቴ! ምን ሆናችኋል? ፊታችሁ ልክ አይደለም!» ብላ ጮኸች። ተደጋግፈን ወጣን። የፒያሳ ብርድ እንደዚያች ሌሊት ጣፍጦኝ አያውቅም።

ይህን እየሳቅሁ የምነግራችሁ ስለዳንን ነው። ከሰል ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ አይታይም፣ አያስነጥስም። ኦክስጅን በሚቀመጥበት የደም ወንበር ላይ ኦክስጅንን ቀድሞ ይቀመጣል፤ ደማችን ከኦክስጅን ይልቅ እሱን ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ነው የሚይዘው። ራስ ምታት፣ እንቅልፍ፣ ከዚያ ዝም። የጭሱ አለመኖር ማታለያው ነው፤ ፍሙ ቀልቶ «በሰለ» ስንል ጋዙ አለቀ ማለት አይደለም። ያቺ አክስቴ ስትረግማት የኖረችው ስንጥቅ፣ ስታፏጭ የነበረችው፣ ለካ ሕይወቷን ስታተርፍላት ኖራለች።

በነጋታው አክስቴ የሽንኩርት ቢላዋዋን ይዛ ላስቲኩን ከዳር እስከ ዳር ተረተረችው። አንድ ቃል አልተናገረችም። ዝም ማለቷ ከስድብ ከብዶኝ ወጥቼ ለኮምቦልቻው የአጎቴ ልጅ ደወልኩ።

እሱ አጭር መልስ ነበረው። «አሉሚኒየም አስገባ፣ ተገላገል።» እሱ ቤት አስገብቷል፤ ያብረቀርቃል፤ እኔም አይቼዋለሁ። ኮምቦልቻ ላይ ምን ገዶት! ደሴ ላይ ግን ነገሩ ሌላ ነው። አሉሚኒየም ሙቀትን ከእንጨት ከሺህ እጥፍ በላይ ያሳልፋል። ባለ አንድ መስተዋት የአሉሚኒየም መስኮት ንፋሱን ይከለክል ይሆናል፣ ብርዱን ግን በአጥንቱ ያስገባዋል፤ ጠዋት ጠዋት ደግሞ እንደ ቀዝቃዛ ጠርሙስ ሲያልበው ታገኙታላችሁ። ያኔ ይህን አላውቅም ነበር። ያስቆመኝ ሌላ ነው።

የአክስቴ ቤት አልኩ እንጂ ቤቱስ የቀበሌ ነው። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ፣ ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበሩት ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ። አክስቴ ከዚያ ወዲህ ተከራይ ናት። ኪራዩ ትንሽ ነው፤ ለትንሽ ኪራይ የሚያድስላችሁ ባለቤት ግን አይገኝም፣ የራሳችሁ ያልሆነውን ቤት ለማደስም ገንዘብ አውጡ አውጡ አይልም። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ሁለቱም ወገን ሲተያይ መስኮቱ መሃል ላይ አረጀ። አገር ውስጥ ካለው አሮጌ ቤት ስንቱ እንዲህ እንዳረጀ አስቡት። መስኮቱን ነቅሎ ቅርጹን መቀየር ማመልከቻ ያስጽፋል፣ መልስ ያስጠብቃል። ብጠግነው ግን ማንም «ለምን ጠገንክ» አይለኝም። ይኸው ነው መንገዱን ያሳየኝ፤ ብልሃት አልነበረኝም።

ለንደን ያለችው የአክስቴ ልጅ በዚያ ሰሞን ስትደውል ነገሩን ነገርኳት። ሳቀች። «እኛም ቤት ያው ነው» አለችኝ። የምትከራየው ቤት ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። መስኮቱ እንደኛ በክንፍ አይከፈትም፤ ወደ ላይና ወደ ታች የሚንሸራተት ነው፤ በግድግዳው ውስጥ በተደበቀ ሣጥን ገመድና የብረት ክብደት ተንጠልጥሎለታል፣ እንደ ጉድጓድ ባልዲ። ንፋሱ በዚያው በገመዱ መንገድ ይገባል። ቤቱ በቅርስነት ስለተመዘገበ ያለ ፈቃድ መስኮት መቀየር አይቻልም። «ታዲያ ምን ታደርጊያለሽ?» ብላት፣ በክረምቱ ከውስጥ ስስ ላስቲክ ለጥፋ በፀጉር ማድረቂያ እያሞቀች እንደ ከበሮ እንደምትወጥረው ነገረችኝ። ላስቲክ ሲባል ጆሮዬ ቀላ። «አንቺ ግን ከሰል የለሽም» አልኳት።

እሷ ናት ይህንን የነገረችኝ፦ በ2008 እ.ኤ.አ. ስኮትላንድ ውስጥ የግላስጎ ካሌዶኒያን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እንዲህ ያለ አሮጌ መስኮት ቤተ ሙከራ አስገብተው ለክተውት ነበር። ወፍራም መጋረጃ በመስተዋቱ የሚያመልጠውን ሙቀት 14 በመቶ ቀነሰው። የእንጨት መዝጊያ ብቻውን 51 በመቶ። ከውስጥ የተጨመረ ሁለተኛ መስተዋት 63 በመቶ። እስቲ ሁለተኛውን ቁጥር እንደገና ስሙልኝ፦ የእንጨት መዝጊያ፣ 51። አክስቴ ቤት ስድስት የእንጨት መዝጊያ አለ። ስድስቱም ቀለም በቀለም ላይ ተደራርቦባቸው፣ ማጠፊያቸው ዝጎ፣ ግድግዳው ላይ ተጣብቀው ከቀሩ ዘመን አልፏቸዋል። ብርዱን የሚመልሰው ጋሻ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ እኛ ፕላስተር ስንገዛ ኖረናል!

እንግዲህ የጠራሁት አናጺ የመጣው በዚህ መሃል ነው።

ሰውየው ሰባ ያለፋቸው፣ ማተባቸው ከአንገታቸው የማይወልቅ፣ በዝግታ የሚናገሩ ሰው ናቸው። ሣጥናቸውን ወለሉ ላይ አስቀምጠው ሲከፍቱ ጎንበስ ብዬ አየሁ። ካቻቢቴ አለ፣ ፒንሳ አለ፣ ስቱኮ አለ፤ ስማቸው ሁሉ የጣሊያን ነው። ጣሊያን ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ደሴን ከአየር ቦምብ ጣለባት፤ ጃንሆይ ራሳቸው መትረየስ ይዘው ሲተኩሱ የታዩት ያን ዕለት ነው። ሚያዝያ 7 ቀን ከተማዋን ያዛት። መጀመሪያ ሰበረ፣ ቀጥሎ መስተዋት ገጠመ። ሚያዝያ 18 ቀን 1933 ዓ.ም. የደቡብ አፍሪካ ወታደሮች ደሴ ሲገቡ ወጣ። ቃላቱ ግን እስከ ዛሬ ከአናጺ ሣጥን አልወጡም።

«ጋሼ፣ በየት በኩል ነው የሚገባው?» አልኳቸው።

«እኔ ምን አውቄ? እጣን እንጠይቀው እንጂ» አሉ።

አክስቴን «እትዬ፣ ቡና ያፍሉልን፤ እጣኑንም ያብዙልን» አሏት። በሩ ተዘጋ። ማጨሻውን አንሥተው እንደ ቄስ ጽና ሳይሆን እንደ ሐኪም፣ ቀስ እያሉ ከመስኮቱ ዳር ዳር አዞሩት። ጭሱ ቀጥ ብሎ ይወጣል፣ ይወጣል፣ ድንገት አንድ ቦታ ላይ ወገቡ ይሰበራል። «እዚህ» ይላሉ፤ በጠመኔ ምልክት ያደርጋሉ። እንደገና ይዞራሉ። ጭሱ ይሰበራል። «እዚህ።» አክስቴ ሲኒዋን ይዛ አፏን ከፍታ ታያለች። ዕድሜ ልኳን እጣን ስታጤስ ጭሱ እንዲህ ወሬ ነጋሪ መሆኑን አላወቀችም ነበር። ከሦስተኛው መስኮት፣ ከዘፋኙ፣ ዙሪያ ብቻ አሥራ አንድ ምልክት ቆጠርን።

«ብርድ በሁለት መንገድ ነው የሚገባው» አሉ አናጺው፣ ቡናቸውን ፉት እያሉ። «አንዱ ሌባ ነው፣ በስንጥቅ ሹልክ ይላል። እሱን እንይዘዋለን። ሁለተኛው ባለሥልጣን ነው፤ በመስተዋቱ ፊት ለፊት ያልፋል፣ ማንም አይከለክለውም።» ከዚያ የአክስቴን ጋቢ በጣታቸው ቆንጠጥ አደረጉ። «ይኼ ስንት ድርብ ነው?»

«አራት» አለች አክስቴ።

«የሚያሞቀው ጥጡ ነው ወይስ በድርቡ መካከል የተኛው አየር?»

አክስቴ ዝም አለች። እኔም ዝም አልኩ።

«አየሩ ነው። ያልተንቀሳቀሰ አየር ነው ልብስ። መስኮትዎ ነጠላ ነው የለበሰው፤ ጋቢ እናለብሰዋለን።»

ሥራው የተጀመረው በሌባው ነው። በማቀፊያውና በድንጋዩ መካከል ጣት የሚያስገባ ክፍተት ነበር። እኔ ሲሚንቶ ልገዛ ተነሣሁ፤ እጄን ያዙኝ። የኖራ ግድግዳ እርጥበቱን ያስገባል፣ ያስወጣል፤ ሲሚንቶ አፉን ይዘጋውና ውሃው መውጫ አጥቶ እንጨቱን ያበሰብሰዋል። ቃጫ ፈትለው፣ እያጠጋጉ በሹል እንጨት ወደ ውስጥ ጠቀጠቁት፤ ከላዩ በኖራ መረጉት። ከዚያ ወስፌ አውጥተው እንጨቱን ይወጉት ጀመር። ወስፌው ካልገባ ያልፋሉ፤ ከገባ አፋቸውን መጠጥ ያደርጋሉ። የበሰበሰው ከታች በኩል፣ ዝናብ የሚቆምበት ክንድ ብቻ ሆኖ ተገኘ። እሱን ቆርጠው አውጥተው በሌላ የጥድ ቁራጭ ጠግነው በኮላ አጣበቁት። የቀረውን ሲልጉት ሽታ ወጣ። የጥድ ሽታ! ያ ሁሉ ዘመን ቀለም ሥር ታፍኖ የኖረ እንጨት ገና ትናንት እንደተቆረጠ ሸተተ። «ይኼን ነቅለው አሉሚኒየም ሊያስገቡ ነበር» አሉ ለአክስቴ፣ እኔን ሳያዩ።

ስለ ቀለሙ አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ይህን የሚሠራ ሰው በመሃላችሁ ካለ ይስማኝ። የድሮ የዘይት ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ይችላል። በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት አትፈግፍጉት፤ አቧራው ከልጆች ሳምባና ጣት ላይ ነው የሚያርፈው። አናጺው ውሃ እየነከሩ፣ አፋቸውን በጨርቅ አስረው ነው የፋቁት፤ ፍቅፋቂውንም ጋዜጣ ላይ ሰብስበው ጠቀለሉት።

ቀጥሎ መስተዋቱ። ይሄ ነው እኔን ያስደነቀኝ። ሦስተኛው መስኮት ስድስት መስተዋት አለው፤ ስድስቱም የተለያየ ዘመን ሆኖ ተገኘ። አናጺው ወደ አንዱ ጠጋ አሉና «በዚህ ጦሳን ይመልከቱት፣ ከዚያ ራስዎን ያወዛውዙ» አሉኝ። አየሁ። ተራራው እንደ ውሃ ተወዛወዘ። ጠፍጣፋ መስተዋት በቀለጠ ቆርቆሮ ላይ እያንሳፈፉ መሥራት በእንግሊዝ አገር ይፋ የሆነው በ1959 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያ በፊት መስተዋት ከቀለጠበት ጉድጓድ ወደ ላይ እየተጎተተ ስለሚወጣ ሞገዱ አብሮት ይቀራል። ተራራውን የሚያወዛውዘው መስተዋት ጥንቱ ነው። ጦሳ ጸጥ ብሎ የሚቆምበት ደግሞ በኋላ የገባ። እንዲህ እንዲህ እያሉ ወደ መጨረሻው፣ ወደ ስድስተኛው መስኮት ሲደርሱ ከታች በስተግራ መስተዋት የለም። የራጅ ፊልም ነው የተለጠፈበት።

የዚያን ታሪክ አክስቴ አታስረዝመውም። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ነው የተሰበረው። ከተማዋ ተይዛ፣ ኅዳር ማለቂያ ላይ እስክትለቀቅ፣ መስተዋት ሻጭም ከፋችም አልነበረም። ከሣጥኗ ሥር ስትፈልግ ያገኘችው የራሷን የጉልበት ራጅ ነበር። ለጠፈችው። ብርድ ከለከለ። «ጉልበቴም ለአንድ ነገር ጠቀመ» አለች።

ስቱኮው ላይ ነው ሳቁ የመጣው። መስተዋቱን ከእንጨቱ ጋር የሚያጣብቀው አሮጌው ስቱኮ ደርቆ፣ ተሰነጣጥቆ፣ ግማሹ ረግፎ ነበር፤ ንፋሱ በዚያም ይገባል። አናጺው የጠመኔ ዱቄትና አንድ ጠርሙስ የተልባ ዘይት አወጡ። አክስቴ ጠርሙሱን አሽትታ «ተልባ? ለመስኮት?» አለች። የገና ጾም ገብቶ ስለነበር በዚያው ቀን ለእሳቸው ብላ ተልባ በጥብጣ እንጀራ ፈትፍታላቸዋለች፤ እሷ ባትጾመውም የጾመኛ እንግዳ ምሳ ምን እንደሆነ ለወሎ ሴት አይነገርም። «በሉ እንግዲህ፣ መስኮቱም ጾመኛ ነው» አሉ አናጺው። ዱቄቱን በዘይቱ እንደ ሊጥ አሹት፣ በጣታቸው እያንከባለሉ ዙሪያውን ለጠፉት፣ በቢላዋ ጫፍ አንድ ጊዜ ብቻ ሳቡት፤ ቀጥ ያለ ሆነ። የተልባ ዘይት አየር እየጠጣ ነው የሚጠነክረው፤ ቀለም ከመቀባቱ በፊት ሁለት ሳምንት ያህል ይጠበቃል። ዘይቱን የጠረጉበትን ጨርቅ ግን ጠቅልለው አልጣሉትም፤ ውጭ ገመድ ላይ ዘርግተው አሰጡት። ለምን ብላቸው፣ ያ ዘይት ሲደርቅ ይሞቃል፣ ጨርቁ ከተጨባበጠ ሙቀቱ ታፍኖ ክብሪት ሳይነካው ይነዳል አሉኝ። አየር ጠፍቶ እንዴት እንደሚገድል በቅርቡ ስላየሁ አልተከራከርኩም።

በክንፎቹ መገጣጠሚያ ላይ ምርጫ ነበር። ገበያ ላይ የሚጣበቅ ስፖንጅ አለ፤ ርካሽ ነው፣ በዓመቱ ይረግፋል። የካላማዳሪ ቀጭን ቁራጭ አለ፤ እሱ ዕድሜ አለው፣ ግን ወፍራም ነው፣ መስኮቱን አላዘጋም ይላል። አናጺው በመጨረሻ ወደ አክስቴ ዞረው «ያረጀ ባና የለዎትም?» አሏት። ነበራት፤ ከእናቷ የወረሰችው፣ መሃሉ በብል የተበላ የበግ ጠጉር ባና። ዳሩ ጤነኛ ነው። በጣት ስፋት ሸንሽነው፣ ቀጠን ባለ ሚስማር ማቀፊያው ላይ መቱት። ክንፉ ሲዘጋ «ጧ» የሚለው ድምፅ ቀርቶ «እፍ» አለ። ጠጉር ይጨበጣል፣ ይመለሳል፤ በጉም እኮ ይህንኑ ነው ጦሳ ላይ የሚያደርገው።

የጋቢው ነገር የመጨረሻው ነበር። ከውስጥ በኩል በቀጭን እንጨት ማዕቀፍ ሠርተው ሁለተኛ መስተዋት አስገቡበት፤ በአራት መያዣ ይቆማል፣ ለበልግ ይነቀልና አልጋ ሥር ይገባል። በሁለቱ መካከል የአራት ጣት ያህል አየር ተኝቷል። መዝጊያዎቹ ማጠፊያቸው ተፈትቶ፣ ዝገቱ ተፍቆ፣ ዘይት ጠጥተው ተመለሱ። አክስቴ አሁን ጀንበር ስትጠልቅ ስድስቱን መዝጊያ አንድ በአንድ መዝጋት ሥራዋ ሆኗል። ጎረቤቶቿ «እቴቴ ሱቅ የምትዘጋ ትመስላለች» ይላሉ።

አናጺው ሲጨርሱ እንደ ሞኝ አንድ ነገር ተናገርኩ። «ጋሼ፣ ቅንድቦቹን ደግሞ እንዝጋቸው?»

ሣጥናቸውን መልሰው አስቀመጡ። ትንሿን መስኮት ከፈቷት፤ ከማቀፊያዋ ሥር የሣር ውፍረት ያላት ሳይሆን ጣት የምታህል ሽብልቅ ቸነከሩባት። ከእንግዲህ ብትፈልጉም አትዘጋም። «ከሰል የሚነድበት ቤት መተንፈሻ አለው» አሉ። «ከሰሉን ሲተዉት ሽብልቁን ይንቀሉት።» አክስቴ ከሰሏን አትተውም፤ ቡና በኤሌክትሪክ ምድጃ ሲፈላ እንባዋ ይመጣል። ስለዚህ ሽብልቁ አለ። ማንደጃውም አሁን ውጭ፣ ደጃፍ ላይ ተቀጣጥሎ ፍሙ ሲቀላ ነው የሚገባው፤ ቡናው ሲያልቅ ይወጣል፤ ማንም አጠገቡ አይተኛም። እናንተም ቤት ማንደጃ ካለ፣ ጋቢውን ለመስኮቱ ከማልበሳችሁ በፊት የምትተነፍሱበትን ቀዳዳ ምረጡ። እኔ ጋቢውን አስቀደምኩና የጎረቤት ልጅ ስኳር ባይጎድልባት ኖሮ ይህን የሚያጫውታችሁ አልነበረም።

ሙቀቱ? እንግዲህ ቤቱ ኮምቦልቻ አልሆነም። በታኅሣሥ ሌሊት አሁንም ጋቢ ይለበሳል። ግን አክስቴ ማታ ከመስኮቱ ሥር ቁጭ ብላ ጥጥ ትፈትላለች፤ ከጥገናው በፊት እዚያ ቦታ ሰው አይቀመጥም ነበር። ሻማ ማቀፊያው ላይ ብታቆሙ ነበልባሉ ቀጥ ይላል። ዘፋኙም ዘፈኑን ትቷል፤ አክስቴ አንዳንዴ ትናፍቀዋለች መሰለኝ፣ ጆሮዋን ወደሱ ጣል ታደርጋለች።

በአዲስ አበባ ፒያሳ በ2016 ዓ.ም. ከነመስኮታቸው ስንት ነባር ቤቶች እንደፈረሱ ስሰማ፣ የደሴዎቹን እያየሁ አልፋለሁ። የስንቱ መዝጊያ ቀለም ጠጥቶ ግድግዳው ላይ ተጣብቋል! አንድ ካቻቢቴና አንድ ጠርሙስ የተልባ ዘይት ነው የሚጠብቀው።

የአክስቴ አምስቱ መስኮቶች አልቀዋል። ስድስተኛው ላይ አናጺው አዲስ መስተዋት ቆርጠው ይዘው ቢመጡ አክስቴ አላስነካቸውም። ዙሪያውን ስቱኮ አስደረገችውና የጉልበቷ ራጅ እንዳለ ቀረ። ጠዋት ጀንበር ስትወጣ ብርሃኑ በአጥንቱ በኩል ያልፍና የጉልበቷ ቅርጽ ነጭ ሆኖ ወለሉ ላይ፣ ልክ ማንደጃው ከሚቀመጥበት አጠገብ፣ ይታያል።